የስኳር ሕመም ያለበት ተማሪ ከሜዳ ዳር አይቀመጥ

የሰውነት ማጎልመሻ ደወል ተደውሎ ሁላችንም ወደ ሜዳ ስንወርድ አንድ የክፍል ጓደኛችን የኛን ሹራብና ደብተር እየጠበቀ ከዛፍ ሥር ይቀመጣል። ጓደኛችን የስኳር ሕመም ስላለበት በየቀኑ ኢንሱሊን ይወጋል። እንዳይሮጥ የከለከለው ግን ሐኪም አይደለም፤ ወላጆቹ ለልጃቸው ሳስተው «አደራ፥ እንዳይደክምብን» ስላሉ፥ መምህራችንም አደራው ስለ ከበዳቸው ነው። እኛም ብንሆን ቡድን ስንመርጥ ስሙን መጥራት ከተውን ቆይተናል። ይህ ሁሉ በርኅራኄ የተደረገ መሆኑን አልክድም፤ ሆኖም በበኩሌ ስሕተት ነው እላለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። የምንበላው እንጀራ በሆዳችን ተፈጭቶ ስኳር ይሆንና ወደ ደም ይገባል። ስኳሩ ከደም ወደ ጡንቻ እንዲገባ በሩን የሚከፍተው ከቆሽት የሚመነጨው ኢንሱሊን ነው። የጓደኛችን ቆሽት ይህን ማመንጨት ትቷል። በብዙ ጎልማሶች ላይ በሚታየው በሁለተኛው ዓይነት ሕመም ግን ኢንሱሊኑ እያለ ሰውነት አልታዘዝም ይላል። ታዲያ የሚደንቀው፥ በሥራ ላይ ያለ ጡንቻ በሩን በሌላ መንገድ ከፍቶ ስኳርን ከደም መሳቡ ነው! ከእንቅስቃሴው በኋላም ለአንድ ቀን፥ አንዳንድ ጊዜም እስከ ሁለት ቀን ድረስ፥ ሰውነት ለኢንሱሊን ይበልጥ ታዛዥ ይሆናል። ስኳር በጊዜ ብዛት ልብንና የደም ሥርን የሚጎዳ ሕመም ስለ ሆነ፥ ልብን የሚያጠነክር ነገር ከማንም በላይ የሚያስፈልገው ለዚሁ ሕመምተኛ ነው። እርግጥ ሩጫ የመርፌውን ቦታ አይተካም።

የዓለም የጤና ድርጅት ለልጆችና ለወጣቶች በቀን በአማካይ 60 ደቂቃ፥ ለዐዋቂዎች በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ እንቅስቃሴ ይመክራል፤ የስኳር ሐኪሞችም ለሕመምተኛው ልጅ የሚያዝዙት ይህንኑ ያህል ነው። እንግሊዛዊው ቀዛፊ ስቲቭ ሬድግሬቭ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 ስኳር እንዳለበት ተነገረው፤ ኢንሱሊን እየወሰደ በ2000 በሲድኒ ኦሎምፒክ አምስተኛውን የወርቅ ሜዳልያ አገኘ።

«ሜዳ ላይ ቢወድቅስ?» የሚል ወላጅ ይኖራል፤ ፍርሃቱም ከንቱ አይደለም። በሩጫ ጊዜ ስኳር ከልክ በታች ሊወርድ ይችላል። ያን ጊዜ ልጁ ያልበዋል፥ እጁ ይንቀጠቀጣል፥ ንግግሩም ይዘባረቃል። ስለዚህ ከጨዋታ በፊት ደሙን ይለካ፤ ከ90 በታች ከሆነ አስቀድሞ አንድ ነገር ይቅመስ። ከ250 በላይ ሆኖ ሕመም ከተሰማው ግን የዚያን ቀን ይረፍ። በጨዋታ መካከል ምልክቱ ከታየ ሦስት የሻይ ማንኪያ ስኳር በውኃ በጥብጦ መስጠት፥ ከ15 ደቂቃ በኋላም እንደ ገና መለካት ነው። ራሱን ከሳተ በአፉ ምንም ሳይጨምሩ ወደ ሐኪም ማድረስ ይገባል። ከሰዓት በኋላ በርትቶ የተጫወተ ልጅ ሌሊት ስኳሩ ሊወርድ ስለሚችል፥ እናት ይህን ብታውቅ መልካም ነው፤ የመርፌውን መጠን ደግሞ ከሐኪም ጋር ይመካከሩበት። ይህን ሁሉ ለመማር ከአንድ ክፍለ ጊዜ የበለጠ አይፈጅም።

ይህን የሚያነቡ፥ ስኳር ያለባቸው አባቶችም ከምሳ በኋላ ጋደም ማለቱን ትተው ለሩብ ሰዓት ያህል ወዲያና ወዲህ ቢሉ ምግቡ የሚያመጣው ስኳር እንደ ወትሮው አይወጣም። የስኳር ሕመም እግርን ያደነዝዛልና ከመንገድ በፊት ጫማቸውን ያራግፉ፤ ጠጠር ቢገባ ላይሰማቸው ይችላል።

ወደ ጓደኛችን ልመለስ። ሐኪሙ ከፈቀደ፥ መምህራችን ከፊሽካቸው ጋር ጥቂት ከረሜላ በኪሳቸው ይያዙ፤ እኛም ምልክቱን እንወቅ። ሹራባችንን ዛፉ ላይ ብንሰቅለው ማንም አይወስደውም። ጓደኛችን ከመታመሙ በፊት በክፍላችን ከእርሱ የሚሻል በረኛ አልነበረም፤ ዘንድሮ ከጎረቤት ክፍል ጋር ስንጋጠም አራት ጎል ሲገባብን ከዛፉ ሥር ሆኖ ይመለከት ነበር።