ስለ ደም ካንሰርና ስለ መድኃኒቱ አመራረጥ

በመርካቶ በጭድ ተራ ገበያተኛው ለትንሽ ሸቀጥ እንኳ ሚዛኑን ሳያይ ገንዘቡን አይሰጥም። እንግዲህ እንዲህ የሚጠነቀቅ የቤት አባወራ፤ ልጁ በደም ካንሰር ሲታመምበት በሰማው ወሬ ብቻ መድኃኒት ሊመርጥለት አይገባውም።

«የአገር ቅጠል ይሻላል ወይስ የሐኪም መድኃኒት?» የሚሉ ብዙዎች ናቸው። ቅጠል ሁሉ ከንቱ አይደለም። ቪንክሪስቲን የተባለው የደም ካንሰር መድኃኒት የተገኘው መነሻው ማዳጋስካር ከሆነ አበባ ነው፤ ነገር ግን ተጣርቶና ተመዝኖ በሐኪም እጅ ይሰጣል። ያው አበባ በቤት ተቀቅሎ ቢጠጣ ሊመርዝ ይችላል። የእኛም ኮሶ መጠኑ ሲያልፍ ዓይን እስከ መጉዳት ይደርሳል። ስለዚህ ልዩነቱ በቅጠልና በክኒን ሳይሆን በተመዘነውና ባልተመዘነው መካከል ነው።

ኢማቲኒብ የተባለው ክኒን በ1993 ዓ.ም. በአሜሪካ ከተፈቀደ ወዲህ፤ ሥር የሰደደ ማይሎይድ ሉኪሚያ የያዛቸው ብዙ ሰዎች ለዓመታት በሥራቸው ላይ ለመኖር በቅተዋል። ሆኖም ያለ ሐኪም ፈቃድ ቢቋረጥ ሕመሙ ሊበረታ ይችላል፤ ኃይሉን የሚያዳክሙ ቅጠሎችም አሉ።

እንግዲህ ጠበል የሚሻ ይጠመቅ፤ ክኒኑን ግን አይተው። ቅጠል የጠጣም ቢሆን ከሐኪሙ አይሰውር፤ ሐኪም የሚመዝነው የተነገረውን ብቻ ነውና።