ኒሻኑ ለማን ደረት? ከራስ ዲካ የተላከ ሙግት

በጅቡቲ ከተማ የራስ ዲካ ኮሚዩን ውስጥ ያለው የድሮው የምኒልክ አደባባይ ዛሬ በይፋ የሚጠራው በነጻነት ቀን፣ በ27 ጁን 1977 ነው። አገሪቱ ለባለውለታዎቿ ከምትሰጣቸው ኒሻኖች አንዱም ይህንኑ ስም ይዟል። እዚያው የሚኖሩ ሁለት ኢትዮጵያውያን፣ አንድ ጡረታ የወጡ መምህርና አንድ የወደብ ትራንዚተር፣ መንግሥት ጀግናና ባለውለታን መሸለም አለበት ወይስ ይቅርበት በሚለው ተሟግተዋል።

መምህሩ፦ መንግሥት ይሸልም፤ ስም ጠርቶ ይሸልም

ከዚህ የባሕር ዳርቻ ለፈረንሳይ ጦር ተመልምለው በመርከብ የተጫኑ ወታደሮች እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 24 ቀን 1916 ቬርደን አጠገብ የዱዎሞን ምሽግ ሲያዝ እዚያ ነበሩ። የተሰለፉት ከሞሮኮው የቅኝ ግዛት እግረኛ ሬጅመንት ጋር ነው። ለዚያ ቀን ውሎ የሬጅመንቱ ባንዲራ የሌዢዮን ዶነር ኒሻን ተሸለመ። በምስጋናው ጽሑፍ ላይ ከዚህ የሄዱት የተነሡት ሁለት የሶማሌ ሻምበሎች ተብለው ነው። የአንድም ሰው ስም የለበትም። ከእነዚያ ወታደሮች የአንዱ የልጅ ልጅ ዛሬ አያቴ ዱዎሞን ውሏል ቢል፣ ጽሑፉ ምስክር አይሆነውም።

ጀግና በሕዝብ ልብ ይኖራል የሚሉ ሰዎች አሉ። ደስ የሚል ወሬ ነው፤ የሕዝብ ልብ ግን ይረሳል። አባቶቻችን ይህን ያውቁ ነበር። ዘማች ከጦር ሜዳ ሲመለስ በጌታው ፊት ይፎክራል፣ ግዳዩን ይጥላል። የት እንደዋለና ማንን እንደጣለ የሚናገረው አብረውት የዋሉት ቆመው እየሰሙት ነውና የዋሸ እዚያው ይዋረዳል። ለምዱ፣ ጎፈሩና ጋሻው የሚመጣው ከዚያ ወዲያ ነው። ሽልማት እንግዲህ ከሁሉ በፊት ምስክር የተሰማበት ችሎት ነበር። አፄ ዮሐንስ እ.ኤ.አ. በ1874 የሰሎሞን ማኅተም ኒሻንን፣ ኋላም ምኒልክ የኢትዮጵያ ኮከብን ሲያቆሙ ከአውሮፓ የወሰዱት ቅርጹን ነው፤ ሥራውማ ቀድሞም በቤታችን ነበረ።

አብራሪው ለገሰ ተፈራ በኦጋዴን ጦርነት፣ እ.ኤ.አ. በ1977፣ ተማርኮ 11 ዓመት ሶማሊያ ታሰረ። የኢትዮጵያው መንግሥቱ ኃይለ ማርያምና የሶማሊያው ዚያድ ባሬ እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 1986 የኢጋድ ምሥረታ ላይ ፊት ለፊት የተገናኙት በዚችው ከተማ ነው። የሁለት ዓመቱ ድርድር እ.ኤ.አ. በ1988 በስምምነት ሲያልቅ ምርኮኞች ተለቀቁ፤ ለገሰም አገሩ ገብቶ የጀግና ሜዳይ ተሸለመ። ሸላሚው መንግሥት ሦስት ዓመት ሳይቆይ ወደቀ። የለገሰን ጀግንነት ግን የሻረው የለም። ሜዳዩ የደርግ ቢሆን ኖሮ ከደርግ ጋር ይቀበር ነበር።

ትራንዚተሩ፦ ሸላሚው የሚሸልመው ራሱን ነው

መምህር፣ የእርስዎ ታሪክ ያማረው ምሳሌውን ስለመረጡ ነው። በላይ ዘለቀን ለምን ተዉት? ጎጃም ውስጥ አምስት ዓመት ጣሊያንን ተዋግቶ ከድል በኋላ ደጃዝማች ተባለ። ከጠላት ጋር ያደሩ ሰዎች ከእሱ በላይ ሲከበሩ ማየቱ አስመረረው ይባላል፤ ሸፈተ፣ ተያዘ፣ በጥር 1937 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ ተሰቀለ። ማዕረጉንም ገመዱንም የሰጠው ያው አንድ ቤተ መንግሥት ነው።

ሲቪሉን ሽልማት እንይ ካሉ ደግሞ ከዚሁ ከተማ ልጀምርልዎ። የፈረንሳዩ ገዢ ሌዎንስ ላጋርድ አስተዳደሩን ከኦቦክ ወደ ጅቡቲ ያመጣ ሰው ነው። ምኒልክ የእንጦጦ መስፍን አሉት። ላጋርድ ለእንጦጦ ምን ደም አፈሰሰላት? ምኒልክ የባሕር በር ይፈልጉ ነበር፣ ፈረንሳይ ደግሞ ወደ ነጭ ዓባይ የሚያሳልፋት ወዳጅ። ብልህ ፖለቲካ ነው፣ አልነቅፍም፤ ክብር ግን አንበለው።

የዱዎሞኖቹን አነሡ። ስማቸው አለመጻፉ ያሳዝናል። እኔን የሚያንገበግበኝ ግን ሌላ ነው፤ ፈረንሳይ እ.ኤ.አ. በ1959 ባወጣችው ሕግ ነጻ በወጡ ቅኝ ግዛቶቿ የሚኖሩ የቀድሞ ወታደሮቿን ጡረታ ባለበት አቆመችው። አብሮት የቆሰለው ፈረንሳዊ በየጊዜው ሲጨመርለት ሌላው በድሮው ፍራንክ አረጀ። የሕገ መንግሥት ምክር ቤቱ ይህን ልዩነት የሻረው እ.ኤ.አ. በ2010 ነው። በዚያ ሁሉ ዘመን ደረት ላይ ኒሻን ነበረ፣ ድስት ውስጥ ግን ምንም።

እኔ ቀኑን ሙሉ የምውለው ከሾፌሮች ጋር ነው። በ1990 ዓ.ም. ከኤርትራ ጋር ጦርነት ሲነሣ አሰብ ተዘጋ፤ ስንዴው፣ ማዳበሪያው፣ ነዳጁ በዚህ ወደብ ሆነ። በጋላፊ ሙቀት ጎማ እየቀየረ አገር የመገበ ሰው ሜዳይ አይፈልግም። መድን፣ የሚያድርበት ጥላ፣ መኪናው ሲገለበጥ ለልጆቹ የሚተርፍ ነገር ይፈልጋል። መሸለም ካስፈለገም ሕዝቡ ይሸልም። በ2005 ዓ.ም. የተጀመረው የበጎ ሰው ሽልማት እጩዎቹን ከሕዝብ ጥቆማ ነው የሚቀበለው፤ የቤተ መንግሥት አዳራሽ አላስፈለገውም።

መምህሩ፦ አንድ ነገር ብቻ ልመልስ

የበጎ ሰው ሽልማት መሥራች ኋላ የጠቅላይ ሚኒስትሩ አማካሪ መሆናቸውን ዘነጋኸው መሰለኝ፣ ልጄ። ከመንግሥት የራቀ ሽልማት ፈልጎ ማግኘት እንዳሰብከው አይቀልም። ስለ ጡረታው ያልከው እውነት ነው። ግን የጡረታ ጥያቄ የሚጀምረው ይህ ሰው በዚህ ቀን እዚህ ቦታ ነበረ ከሚል ወረቀት ነው። መዝገቡን የሚይዘው ማን ነው? መንግሥት። ሾፌሮችህም መድን የሚያገኙት መጀመሪያ አንድ ሰው ስማቸውን ጠርቶ ባለውለታ ናቸው ሲል ነው። ደራሲ ጸጋዬ ገብረ መድኅን እ.ኤ.አ. በ1966 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴን ሽልማት ሲቀበል ገና ወጣት ነበር። ሸላሚው ድርጅት ከንጉሡ ጋር ቢጠፋም እነማን ምን ሠርተው እንደተሸለሙ ዛሬም ይታወቃል።

ትራንዚተሩ፦ መዝገቡን ልቀበል

መዝገብ ካሉማ እስማማለሁ፣ መምህር። እጩውን ግን አብሮት የዋለ ያቅርብ፤ ወታደሩን ወታደር፣ ሾፌሩን ሾፌር። የተሸለመበት ምክንያት ከነምስክሮቹ ስም በጋዜጣ ይውጣ፣ የተቃወመም ይሰማ። ባለሥልጣን በሥልጣን ላይ እያለ አይሸለም። ይህን የሚያደርግ መንግሥት ካገኙ ኒሻኑን ጉምሩክ የማስጨርስልዎ እኔ ነኝ፤ በነጻ።