«ልጄ መኪና ውስጥ ጋዝ ለኩሶ ይተኛል»

የዚህ ሳምንት ደብዳቤ የአንዲት እናት ነው። ስማቸው እንዳይወጣ ስለጠየቁ አናወጣውም። አሳጥረነው እነሆ፤

«ልጄ አሜሪካ፣ ዴንቨር የሚባል ከተማ ነው ያለው። የቤት ኪራይ አልቀመስ ሲለው አሮጌ ሞተር ሆም /አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ነው አሉ/ ገዝቶ እሱ ውስጥ መኖር ጀመረ። ይሁን ብዬ ተውኩት። ባለፈው በቪዲዮ ሲያሳየኝ ግን እግሩ ሥር ፍም የመሰለ ነገር ይነዳል። ‹ምንድነው?› ብለው ‹የጋዝ ማሞቂያ ነው፣ ውጭው በረዶ ነው› አለኝ። ‹መስኮቱስ?› ስለው ‹ዘግቼዋለሁ፣ ብርዱ ይገባል› አለ። ከሰል ስንቱን ሰው እንደቀጠፈ ነግሬው ብቆጣ ‹እማዬ፣ ይሄ ከሰል አይደለም፤ አይጨስም፣ አይሸትም› ብሎ ሳቀብኝ። እውን ልጄ ልክ ነው? ወይስ እኔ ነኝ ያረጀሁት?»

እናታችን፣ አላረጁም። ልጅዎ አይጨስም፣ አይሸትም ያለው እውነቱን ነው። ጉዱ ያለውም እዚያው ላይ ነው። ከሰል ሰው ሲገድል ጭሱ ይመስለናል እንጂ ጭሱስ ያስለናል፣ ዓይን ያቃጥላል፣ «ውጡ!» ይላል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባል ቀለምም ሽታም የሌለው ጋዝ ነው። ከሰሉን ደጅ አፋፍመን፣ ጭሱ ሲጠፋና ፍም ሲሆን ወደ ቤት እናስገባ የለ? ጭሱ ደጅ ቀረ፤ መርዙ ግን ከፍሙ ጋር አብሮ ገባ። «ኧረ ከሰሉ እኮ በደንብ ፍም ሆኖ ነበር!» እየተባለ የሚለቀሰው ለዚህ ነው።

ወደ ልጅዎ ማሞቂያ እንምጣ። ውስጡ ያለው ፕሮፔን ነው፤ እኛ ቡታ ጋዝ የምንለው ዘመድ። በቂ አየር ካገኘ ንጹሕ ነው፣ አይካድም፤ ነዶ የሚሰጠው የውሃ እንፋሎትና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ነው። ግን በላተኛ ነው! አንድ እጅ ፕሮፔን በደንብ ለመንደድ 24 እጅ ያህል አየር ይፈልጋል። መስኮቱ የተዘጋ መኪና ውስጥ ያን ሁሉ አየር ከየት ያመጣል? ከልጅዎ አፍንጫ እየቀማ ነዋ! አየሩ እያነሰ ሲሄድ እሳቱ በደንብ መንደድ ያቅተውና ካርቦን ሞኖክሳይድ ማውጣት ይጀምራል። ይሄ ጋዝ ደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ሲያገኝ ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ነው የሚይዘው። ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽ፣ ጉልበት መክዳት… ሰውየው «ጉንፋን ሊይዘኝ ነው መሰል» ብሎ ጋደም ይላል። ከተኛ በኋላ ደግሞ ራስ ምታቱም አይቀሰቅሰውም።

«አሜሪካ እኮ ነው፣ እዚያ እንዲህ ያለ ነገር የለም» የሚል ካለ ይስማ። የአገሩ የጤና መሥሪያ ቤት እንደሚለው፣ የእሳት ቃጠሎ ሳይቆጠር፣ በዚህ ጋዝ በድንገት የሚሞተው ሰው በዓመት ከ400 በላይ ነው። በየካቲት 2013 ዓ.ም. /እ.ኤ.አ. 2021/ ቴክሳስን ከባድ ብርድ መትቶ መብራት ሲጠፋ፣ ሰዉ ለሙቀት ብሎ ጋራዥ ውስጥ መኪና አስነሳ፣ የሥጋ መጥበሻ ከሰል ቤት አስገባ። በጋዙ ከሞቱት መካከል ከዚሁ ከኛ አገር የሄዱ ነበሩበት።

አሁን ስልኩን ለልጅዎ ይስጡልን።

ወንድማችን፣ «ማሞቂያው አየር ሲያንስ ራሱ ይጠፋል» ልትለን ነው። ልክ ነህ፣ ብዙዎቹ ለቤት ውስጥ የተሠሩት እንዲህ ያለ መቆጣጠሪያ አላቸው። ጤነኛ አየር 21 በመቶ ያህል ኦክስጅን አለው፤ ወደ 18 በመቶ ገደማ ሲወርድ እሳቱን ያጠፋዋል። ግን መቆጣጠሪያው የሚያየው ኦክስጅን ብቻ ነው። ካርቦን ሞኖክሳይድን አይለካም! አቧራ የበላው ወይም የወደቀ ማሞቂያ ኦክስጅኑ ሳይጎድልም መርዙን ሊያወጣ ይችላል። ሌላም አለ፤ ዴንቨር 1,600 ሜትር ላይ ናት፤ ወደ ተራሮቹ ስትወጣ ግን 3,000 ሜትር ታልፋለህ። ከ2,100 ሜትር ገደማ በላይ አንዳንዱ ማሞቂያ በስስ አየር ምክንያት ራሱን እንደሚያጠፋ መመሪያው ላይ ተጽፏል። «ተበላሸ» ብሎ መቆጣጠሪያውን የሚፈታ ሰው አለ። እባክህ፣ አንተ እንዳታደርገው።

ዋናው ነገር ይሄ ነው፤ እሳቱ እየነደደ አትተኛ። ከመተኛትህ በፊት ግማሽ ሰዓት አሙቅ፣ ከዚያ ማሞቂያውን አጥፋ፣ የጋዙንም መዝጊያ ዝጋ። የሚያሞቅህ ልብስ ይሁን። ጥሩ የመኝታ ከረጢት፣ ሙቅ ውሃ የተሞላ የጎማ ከረጢት፣ ከላይ ጋቢ። እናትህ ጋቢ እንደሚልኩልህ አንጠራጠርም። ኤሌክትሪክ የሚሰካበት ቦታ ካቆምክ ደግሞ የኤሌክትሪክ ብርድ ልብስ ከሁሉም ይሻላል፤ ክፍሉን ሳይሆን አልጋውን ነው የሚያሞቀው።

ማሞቂያው በሚነድበት ጊዜ ሁሉ አንድ ቀዳዳ ከታች፣ አንድ ከላይ /የጣሪያው መስኮት ይበቃል/ ክፍት ይሁን። ስፋቱን የማሞቂያህ መመሪያ ይነግርሃል። «ብርዱ ይገባል» ነው ያልከው? አዎ ይገባል። ግን አንድ ነገር እንጠይቅህ፤ ጠዋት ስትነሳ መስታወቱ ውሃ አያንጠባጥብም? ፍራሽህ ሥሩ አይረጥብም? አንድ ኪሎ ፕሮፔን ሲነድ 1.6 ኪሎ ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይለቃል። መስኮቱን ስትዘጋ ያን ሁሉ ውሃ ፍራሽህ ላይ ነው የምታደርቀው። እርጥብ አልጋ ላይ ደግሞ ማን ይሞቃል?

የካርቦን ሞኖክሳይድ አላርም ግዛ። የአንድ ምሳ ዋጋ ነው ብለን አናቃልልብህም፣ ግን ከቀብር ይረክሳል። ለተሽከርካሪ ቤት ተብሎ የተሠራውን ምረጥና ከራስጌህ አካባቢ ስቀለው። አላርም ያረጃል፤ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ቀን እይ። መኪናው አሮጌ ነው ስለተባለ ምናልባት ጊዜው ያለፈበት ተሰቅሎ ይሆናል። «አላርም ስላለኝ» ብለህም ማሞቂያውን እያነደድክ አትተኛ። በአሜሪካ ደረጃ የተሠራው አላርም አየሩ ውስጥ ከሚሊዮን 70 እጅ ጋዝ ሲኖር ለመጮኽ ከ1 እስከ 4 ሰዓት ሊጠብቅ ይችላል።

ጥሬው ጋዝ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። ፕሮፔን ራሱ አይሸትም፤ የሚሸተው ሲያፈተልክ እንዲታወቅ ተብሎ የተጨመረበት ነገር ነው። ከአየር ስለሚከብድ ወለል ላይ ይተኛል። ስለዚህ የጋዝ ጠቋሚው ከታች፣ ወለሉ አጠገብ ነው የሚደረገው። ትርፍ ሲሊንደር አብሮህ አይደር፣ ውጭ ይቀመጥ። መጋጠሚያውን የሳሙና አረፋ ቀባው፤ አረፋው ካፎለፎለ ያፈሳል። በክብሪት አትፈትሽ! ለደጅ ብቻ ተብሎ የተሠራ ማሞቂያም መኪና ውስጥ አይገባም፣ ርካሽ ቢሆንም።

የመኪናው የራሱ ማሞቂያ ቢኖርና ቢሠራ ግን ይህ ሁሉ ወሬ ባላስፈለገ። እሱ አየር ከውጭ ስቦ፣ የተቃጠለውን በቧንቧ ወደ ውጭ ነው የሚያስወጣው። ተበላሽቶ ከሆነ ለተንቀሳቃሹ ማሞቂያ ከምታወጣው ገንዘብ ቆጥበህ ባለሙያ አሳየው።

አንድ ቀን ራስህን ከያዘህ፣ ካዞረህ፣ ወይም አላርሙ ከጮኸ መጀመሪያ ውጣ። በርዱም በረዶውም ይቆይ፤ ውጭ ሆነህ 911 ደውል። ወተት መጠጣት ይህን ጋዝ ከደም አያስወጣም። መድኃኒቱ ኦክስጅን ነው፤ በተራ አየር ጋዙ በግማሽ ለመቀነስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ሐኪም ቤት በሚሰጥ ንጹሕ ኦክስጅን ግን ወደ አንድ ሰዓት ተኩል ይወርዳል። እዚያ ስትደርስ «መኪና ውስጥ የጋዝ ማሞቂያ አብርቼ ነበር» ብለህ ተናገር። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ ይህን ጋዝ ከኦክስጅን ስለማይለየው ደህና ነህ ሊልህ ይችላል፤ የሚያሳየው የደም ምርመራ ነው።