ካልሲም እንደ ልብስ በልክ ይሁን

ኮት ለማሰፋት ከልብስ ሰፊ ዘንድ ቀርቦ ትከሻውንና ክንዱን በሜትር የሚያስለካ ሰው፥ እግርን አጥብቆ የሚይዘውን የጤና ካልሲ ግን በዓይኑ ገምቶ ሲገዛ እናያለን። ይህ ልማድ ጕዳት ያለበት ስለ ሆነ፥ ለቤተ ሰብ ሁሉ ጥቂት ምክር መስጠት ተገቢ መስሎ ታይቶናል።

ከእግር ወደ ልብ የሚመለሰው ደም ሽቅብ የሚወጣ ነውና ረዳት ያስፈልገዋል። ሰው በተራመደ ቍጥር የባቱ ጡንቻ እየተኰማተረ ደሙን ወደ ላይ ይገፋዋል፤ በደም መላሽ ሥሮች ውስጥ ያሉት ትንንሽ መዝጊያዎችም ወደ ታች እንዳይመለስ ይከለክሉታል። ነገር ግን ቀኑን ሙሉ በወንበር ተቀምጦ ወይም ቆሞ በሚውል ሰው፥ በነፍሰ ጡርም፥ መዝጊያዎቹ በደከሙበትም ሰው ደሙ ከታች እየተከማቸ እግርን ያሳብጣል።

ካልሲው የተሠራው ይህን ለመርዳት ነው። መልካሙ ዓይነት በቍርጭምጭሚት ላይ ይጠብቃል፥ ወደ ጕልበት ሲወጣ እየላላ ይሄዳል። የጥብቀቱም መጠን በሚሊሜትር ሜርኩሪ ይጻፍበታል። ከ15 እስከ 20 ያለው ለቀላል እብጠትና ለረጅም ጕዞ ይበቃል፤ ከዚያ የበረታውን ግን ሐኪም ሳያዝ ማድረግ አይገባም።

ልኩ የሚወሰደው ጧት፥ እግር ሳያብጥ ነው። የቍርጭምጭሚቱ ቀጭን ስፍራና የባቱ ወፍራም ስፍራ ዙሪያቸው፥ ከተረከዝ እስከ ጕልበት ያለውም ቁመት በሁለቱም እግሮች ይለካል። ካልሲውን ጧት አድርጎ ማታ ማውለቅ፥ ሲያደርጉትም እንዳይጨማደድ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ቢረዝም አፉን ማጠፍ አይገባም፤ የታጠፈው ስፍራ እንደ ገመድ አንቆ ደሙን ያግዳልና።

ደም ወደ እግር የሚያወርዱት ሥሮች የጠበቡበትን ሰው ካልሲው ደሙን ይበልጥ በማሳነስ ሊጐዳው ይችላል፤ በስኳር በሽታ ምክንያት እግሩ የደነዘዘበት ሰው፥ ካልሲው ሲያቈስለው ላይሰማው ይችላል። አንድ እግር ብቻ በድንገት አብጦ ቢያምም ደም ረግቶ ይሆናልና፥ ካልሲ ከመፈለግ ይልቅ ፈጥኖ ወደ ሐኪም ቤት መሄድ ይገባል።

ስለዚህ እግራቸው ለሚያብጥ አባታችሁ ወይም እናታችሁ ይህን ካልሲ በስጦታ ለማምጣት ያሰባችሁ ልጆች ሆይ፥ አስቀድማችሁ ከሐኪም ዘንድ ውሰዷቸው፥ ልካቸውንም አስለኩላቸው። ያን ጊዜ ስጦታችሁ በእውነት ረዳት ይሆናቸዋል።