ማሳሰቢያ፦ የመኪና ውድድር ጌም መሪና ፔዳል ለመግዛት ላሰባችሁ

የቡና ለቀማው አልፎ ገንዘቡ እጅ ሲገባ ዱመርሶ፣ ይርጋጨፌና ዲላ ላይ ገበያው ይደምቃል። አንዱ ቆርቆሮ፣ ሌላው ሞተር ሳይክል ይገዛል፤ ቴሌቪዥንና ፕሌይስቴሽን ያለው ወጣት ደግሞ የውድድር ጌም መሪ ያምረዋል። ምኞቱ አይነቀፍም። ነገር ግን ዕቃው ብዙ ጊዜ የሚመጣው ከአዲስ አበባ፣ በቴሌግራም ከሚሸጥ ሰው ወይም በውጭ አገር ዘመድ ሻንጣ ነው። አልሠራ ካለ 360 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዞ ማስመለስ ለማንም አያዋጣም። ስለዚህ ወጣቶች፣ ወጪውን የምትሸፍኑ ወላጆችና የጌም ቤት ባለቤቶች ብር ከመክፈላችሁ በፊት የሚከተሉትን ልብ በሉ።

1. ከመሪው በፊት መብራቱን አስቡ። የአገራችን ሶኬት 220 ቮልት ነው፤ የአሜሪካው 120። ለአሜሪካ ገበያ የተሠሩት የኤክስቦክስ 360 እና የመጀመሪያው ኤክስቦክስ ዋን አዳፕተሮች ከ100 እስከ 127 ቮልት ብቻ ይቀበላሉ። ፕሌይስቴሽን 4 ግን ከ100 እስከ 240 ይችላል። ማንኛውም ዕቃ ከመሰካቱ በፊት አዳፕተሩ ላይ የተጻፈው ቁጥር ይነበብ። መብራት ሄዶ ሲመለስ ኃይሉ ከፍና ዝቅ ስለሚል ስታቢላይዘር ያስፈልጋል፤ ይሁንና ስታቢላይዘር መብራት ሲጠፋ ጨዋታውን አያስቀጥልም። ዕቃውን በሥርዓት ለማጥፋት የሚበቁ ደቂቃዎችን የሚሰጠው ዩፒኤስ ነው። ቴሌቪዥኑን፣ ጌሙንና መሪውን ከምድጃ ጋር በአንድ ዲቫይደር አትሰኩ። ነጎድጓድ ሲጀምር ማጥፋት ብቻ አይበቃም፤ ከሶኬት ንቀሉ።

2. «ለሁሉም ይሠራል» የሚል ሻጭን አትመኑ። ሎጂቴክ ጂ29 ለፕሌይስቴሽን 3፣ 4፣ 5 እና ለኮምፒዩተር ነው፤ ኤክስቦክስ ላይ አይሠራም። ጂ920 ደግሞ ለኤክስቦክስና ለኮምፒዩተር እንጂ ለፕሌይስቴሽን አይሆንም። ጂ923 ሁለት ዓይነት ስለሆነ ብዙ ሰው ያሳስታል። መለያው መሪው ላይ ያሉት ቁልፎች ናቸው፦ ክብ፣ ሦስት ማዕዘንና አራት ማዕዘን ካለው የፕሌይስቴሽን ነው፤ ኤ፣ ቢ፣ ኤክስ፣ ዋይ የሚሉ ፊደላት ካሉት የኤክስቦክስ ነው። አሮጌው ጂ27 ፕሌይስቴሽን 4 ላይ አይሠራም፤ ኮምፒዩተር ለሌለው የፕሌይስቴሽን 4 ባለቤት ርካሽ መሆኑ አይጠቅመውም።

3. ያገለገለ መሪ ሳይሰካ አይገዛም። ሞተር ያለው መሪ ኤሌክትሪክ አግኝቶ ከጌሙ ጋር ሲገናኝ ራሱን ለመለካት ግራና ቀኝ እስከ ጥግ ይዞራል፤ በዚያ ሰዓት እጃችሁን አንሱ። ካልዞረ ወይ አዳፕተሩ የለም ወይ ሞተሩ ሞቷል። ከዚያ ፔዳሎቹን አንድ በአንድ ቀስ ብላችሁ ርገጡ፤ ጌሙ ውስጥ ነዳጁ ወይም ፍሬኑ የሚቆራረጥ ከሆነ ውስጡ አቧራ ገብቶበታል ወይም አልቋል። መንገድ ዳር ላለ ቤት አቧራ የዘወትር ችግር ስለሆነ ፔዳሉን ከጨዋታ በኋላ መሸፈን ይለመድ። ጂ29 በሦስት ፔዳል ይመጣል፤ የማርሽ ዘንጉ ግን ለብቻው የሚሸጥ ነው። ሥዕሉ ላይ ስላያችሁት አብሮ ይመጣል ብላችሁ አትጠብቁ።

4. ርካሹን መሪ በሚገባ ለዩ። አንዳንዱ መሪ ውስጡ ላስቲክ ወይም ስፕሪንግ ብቻ ነው፤ ይንቀጠቀጣል እንጂ የጎማውን መንሸራተት ለእጅ አይናገርም። የሚዞረውም 180 ወይም 270 ዲግሪ ብቻ ነው፤ ጂ29 ግን 900 ዲግሪ፣ ማለት ሁለት ዙር ተኩል ይዞራል። በሌላው ጫፍ ሞተሩ በቀጥታ ከመሪው ጋር የተያያዘ ውድ ዓይነት አለ፤ አንዳንዱ ከ20 ኒውተን ሜትር በላይ ጉልበት አለው፤ የጂ29 ግን 2 አካባቢ ነው። ይህ ጉልበተኛ መሪ ጌሙ ውስጥ ግጭት ሲፈጠር ድንገት ስለሚዞር አውራ ጣትንና የእጅ አንጓን ሊጎዳ ይችላል። ልጆች እንዳይነኩት፤ አዋቂም አውራ ጣቱን በመሪው ክንድ ውስጥ አያስገባ።

5. ለመቀመጫው ወጪ አታብዙ። መሪው በፕላስቲክ ጠረጴዛ ላይ ከታሰረ ይነቃነቃል፤ ፔዳሉም በሴራሚክ ላይ ይንሸራተታል። የእግርን ግፊት የሚለካ ጠንካራ ፍሬን በፕላስቲክ ወንበር ላይ ተቀምጦ ቢረገጥ ወንበሩ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከውጭ የሚመጣ የብረት መቀመጫ ግን አያስፈልግም፤ ዲላ ወይም ይርጋጨፌ ያለ ብየዳ ቤት ከቱቦላሬ ይሠራላችኋል። የመሪውን ከፍታና የፔዳሉን ርቀት ተቀምጣችሁ ለኩለት። ቴሌቪዥናችሁ የጌም ሁነታ ካለው አብሩት፤ ምስሉ ከእጃችሁ ወደ ኋላ እንዳይቀር።

6. ጌሙ ኢንተርኔት ይፈልግ እንደሆነ ጠይቁ። እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው ግራን ቱሪስሞ 7 አብዛኛው ክፍሉ ያለ ኢንተርኔት አይከፈትም። አይሬሲንግ ደግሞ ኢንተርኔትም፣ በውጭ ምንዛሪ የሚከፈል የአባልነት ክፍያም ይፈልጋል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት ቤት እንደ አሴቶ ኮርሳ ያለው ብቻን የሚጫወቱት ጌም ይሻላል።

7. ቀብድ አትላኩ። ዕቃውን በዓይን ሳታዩና ሳታስሞክሩ በቴሌብር ቅድሚያ ክፍያ አትፈጽሙ። «ሌላ ገዢ አለ፣ ቶሎ በል» የሚለው ጥድፊያ ራሱ ማስጠንቀቂያ ነው፤ የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ሻጩ በዕለቱ የተቀረጸ፣ ስማችሁ የሚጠራበትና መሪው ሲዞር የሚያሳይ ቪዲዮ ይላክላችሁ። አዲስ አበባ የሚኖር ዘመድ ካለ ሄዶ ይሞክረው።

ለወላጆች አንድ ነገር እንጨምር። «ጌም ተጫውቶ እውነተኛ ተወዳዳሪ የሆነ አለ» ሲሏችሁ እውነት ነው፤ እንግሊዛዊው ጃን ማርደንበሮ እ.ኤ.አ. በ2011 ጂቲ አካዳሚ የተባለውን የጌም ተጫዋቾች ውድድር አሸንፎ ወደ እውነተኛ መኪና ገብቷል። ያ ፕሮግራም ግን ከቆመ ዓመታት አልፈዋል፤ ስለዚህ ዕቃው ለመዝናኛ እንጂ ለእንጀራ ተብሎ አይገዛ። መሪው የመንጃ ፈቃድም አይተካም። በዲላ በኩል ወደ ሞያሌ በሚወስደው አስፋልት ላይ እግረኛ፣ ከብትና ከባድ መኪና አብረው ይጓዛሉ፤ እዚያ የተሳሳተ ሰው ጨዋታውን እንደገና የሚያስጀምርበት ቁልፍ የለውም።

መብራቱን አስተካክሉ፣ መሪው ለጌማችሁ የሚሆን መሆኑን አረጋግጡ፣ በዓይናችሁ ፊት ይሞከር፤ ብሩ ከኪሳችሁ የሚወጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ይሁን።