ሰሙ መድኃኒት፥ ወርቁስ ምንድር ነው?



ባለፈው ሰሞን አንድ ወንድማችን በጣና ባሕር ላይ በጀልባ እየዞሩ ሕሙማንን ስለሚያክሙ ክርስቲያን ሐኪሞች ሲጽፍ፥ መድኃኒታቸው ሰም ነው፤ ወርቁ ሃይማኖት ማስለወጥ ነው፤ ስለዚህ ምእመናን ወደ ጀልባው አይውረዱ ብሎ ነበር። ጸሐፊው የቅኔ ሰው መሆኑን ካነጋገሩ ዐወቅሁ። እኔም በዋሸራ ጉባኤ ከቅኔ መምህራን እግር ሥር ያደግሁ ስለ ሆንሁ ነገሩ ሲነበብ ጣፈጠኝ። ከጣፈጠኝ በኋላ ግን አንዲት እማሆይ ትዝ ቢሉኝ ጣዕሙ ወደ ሬት ተለወጠብኝ፤ ስለዚህ ብዕር አነሣሁ።

እኔ የምኖረው በሐሙሲት ነው። ከሐሙሲት ወደ ቆራጣ፥ ማለት ወደ ባሕሩ ዳር፥ በእግር የሚወርድ ሰው ማልዶ ከተነሣ ሳይመሽ ይደርሳል። የዛሬ አራት ዓመት የሐኪሞቹ ጀልባ በቆራጣ ዳር ይቆማል የሚል ወሬ በገበያ ተነገረ። እኒያ እማሆይ የዐይናቸው ቆብ ወደ ውስጥ ተቀልብሶ ሽፋሽፍቱ ብሌኑን እየፋቀው፥ በየሳምንቱ በወረንጦ እየነቀሉ ይኖሩ ነበር። ወደ እኔ መጥተው «የኔታ፥ ልውረድን ወይስ ልቅር?» ብለው ጠየቁኝ። እኔም «ይቅርብዎ እማሆይ፤ የሰዎቹን ሃይማኖት አናውቀውም፤ ጸበሉ ይበቃዎታል» አልኋቸው። ታዘዙ፤ ቀሩ። ዛሬ አንደኛው ዐይናቸው ነጭ ሆኗል፤ በሁለተኛው ብርሃንና ጨለማን ከመለየት በቀር አያዩም። አንድ ልጅ በበትር እየመራ ወደ ቅዳሴ ያመጣቸዋል። አንድ ቀን እንኳ ወቅሰውኝ አያውቁም፤ ዛሬም ድምፄን ሲሰሙ እጄን ፈልገው ይስማሉ። ይህ መሳም ከዘለፋ ሁሉ ይልቅ ይከብደኛል።

እንግዲህ ከወንድሜ ጋር የምከራከረው እንደ ንጹሕ ሰው አይደለም፤ የእርሱን ምክር ቀድሞ በሥራ ላይ አውሎ ፍሬውን እንዳየ ሰው ነው።

ጥርጣሬው ከባዶ መጣ አልልም። የጣና ዳር ሕዝብ እንግዳ ሰባኪን የሚፈራበት ምክንያት አለው። ኢየሱሳውያን በጎርጎራ ተቀምጠው ዐፄ ሱስንዮስን በ1614 ዓ.ም. የሮምን ሃይማኖት በግልጥ ካስቀበሉ በኋላ እስከ 1624 ዓ.ም. ድረስ አገሩ በደም ታጠበ። ቅድስት ወለተ ጴጥሮስ ይህን ሃይማኖት እምቢ ብላ በዚሁ ባሕር ደሴቶችና ዳርቻዎች ማኅበር ስትሰበስብ ኖረች፤ የቆራጣ ደብርም ዛሬ በስሟ ይጠራል። ከዚያም በኋላ በ1691 ዓ.ም. ፖንሴ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ታላቁን ኢያሱን ለማከም ወደ ጎንደር ሲመጣ፥ አገልጋይ መስሎ አብሮት የተጓዘው ሰው ብሬቭዳን የተባለ ኢየሱሳዊ ቄስ ነበር፤ ቄሱም ጎንደር ሳይገባ በመንገድ ሞተ። እነሆ ወንድሜ ያላነሣውን ማስረጃ እኔው ሰጠሁት፤ ሰምና ወርቅ ማለት ይህ ነው።

ነገር ግን ከዚህ ምን ይከተላል? ፖንሴ ንጉሡን አከመ፤ ንጉሡም ሃይማኖቱን ሳይለውጥ ኖሮ ሞተ። ወለተ ጴጥሮስ የተዋጋችው ባዕድ ሃይማኖትን ነው፤ ድውይን መፈወስን አልተዋጋችም። በእኛው አውራጃ ደግሞ ነገሩ የተገላቢጦሽ የሆነበት ጊዜ አለ። ከባዝል አጠገብ ከክሪሾና የመጡት ሚሲዮናውያን ወንጌል እንሰብካለን ብለው ቢገቡ፥ ዐፄ ቴዎድሮስ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት አስቀምጠው ሴባስቶፖልን አስቀለጧቸው። ሰሙ ስብከት፥ ወርቁ መድፍ ሆነ ማለት ነው! የደብረ ታቦር ሆስፒታልም ቢሆን የተጀመረው በአድቬንቲስቶች ሚሲዮን ነው። ከዚያ ወዲህ ስንት ቄስ በዚያ ታክሞ ወደ መቅደሱ ተመለሰ? ስንት ዲያቆን በዚያ ተወለደ? የደብረ ታቦር ኢየሱስ ቅዳሴ በዚህ ምክንያት ታጎለን? በአንድ ኪኒን የሚፈርስ ሃይማኖት ካለን ጥፋቱ ከኪኒኑ አይደለም፤ ከእኛ ከመምህራኑ ነው።

መጻሕፍቱንስ ብንመረምር? ሲራክ ሐኪምን አክብር፥ የፈጠረው እግዚአብሔር ነውና ብሎ ያስተምራል፤ መድኃኒትም ከምድር እንደ ወጣ ይናገራል። የጦቢት ዐይን በምን በራ? መልአኩ ሩፋኤል በጸሎት ብቻ ማዳን ሲችል የዓሣ ሐሞት አስቀባው። ጌታችን ዕውር ሆኖ የተወለደውን ሰው በቃል ብቻ ማብራት ሲችል በምራቁ ጭቃ ለውሶ ቀባው፤ ከዚያም ሂድና ታጠብ አለው። ሉቃስ ወንጌላዊው ባለ መድኃኒት ነበር። ቅዱስ ባስልዮስ በቂሳርያ ከከተማው ውጭ ለድኾችና ለሕሙማን ቤት ሠርቶ ለምጻሞችን ያቅፍ ነበር። ይህን ሁሉ በአንድምታ ስናስተምር ኖረን፥ ጀልባው ሲመጣ ግን ረሳነው። ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ በ1999 ዓ.ም. ጸበልና የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንደማይጣሉ፥ ሕሙማን ሁለቱንም ቢወስዱ እንደማይከለከል በግልጥ ተናግረዋል። እኔ ለእማሆይ «ይቅርብዎ» ያልሁት ከዚህ ብዙ ዓመት በኋላ ነው።

ስለ ዐይን ሕመሙ ጥቂት ልጨምር፤ ብዙ ካህናት የዕድሜ ነገር ወይም የመንፈስ ነገር ይመስላቸዋልና። ትራኮማ የሚባለው ይህ ደዌ በዐይን በማትታይ ተውሳክ ይመጣል፤ ከሕፃን ወደ ሕፃን፥ ከልጅ ወደ እናት በእጅ፥ በጨርቅና በዝንብ ይተላለፋል። ዝንቡ የሚራባው በሜዳ በሚጣል ዐይነ ምድር ነው። ደጋግሞ ሲይዝ የዐይን ቆብ በውስጥ ይጠባሰስና ይቀለበሳል፤ ሽፋሽፍቱም ብሌኑን እየፋቀ ያሳውራል። ከወንድ ይልቅ ሴቶችን የሚያጠቃው ሕፃናትን የሚያቅፉ እነርሱ ስለ ሆኑ ነው። የአማራ አገር፥ ይልቁንም የእኛ ደቡብ ጎንደር፥ ይህ ደዌ በዓለም እጅግ ከበዛባቸው ቦታዎች አንዱ ሆኖ ይቈጠራል። የተቀለበሰውን ቆብ የሚያቀናው ቀዶ ጥገና ግን አጭር ነው፤ የሠለጠነ ነርስ በአንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ይሠራዋል። እማሆይ ያጡት ይህን ያህል ነገር ነው።

ጸበልን አላቃልልም፤ እኔም እጠመቃለሁ። ነገር ግን በ2015 ዓ.ም. በቋራ በበርሜል ጊዮርጊስ ጸበል ቦታ ኮሌራ በገባ ጊዜ፥ በእምነት የመጣው ሕዝብ መጸዳጃና ንጹሕ የመጠጥ ውሃ ስላልተዘጋጀለት ነው የተጐዳው። ጸበሉ ማንንም አልገደለም፤ ያለ ዝግጅት ሕዝብ መሰብሰብ ገደለ። በ1997 ዓ.ም. በሊቦ ከምከም ካላዛር ሲነሣም መጀመሪያ መድኃኒት የማይበግረው ወባ ነው እየተባለ ብዙ ሰው አለቀ። ደዌን በስሙ የሚጠራ ሰው እስኪመጣ ድረስ ጸሎታችንም እንባችንም መንገዱን ስቶ ነበር።

አሁን ደግሞ ፊቴን ወደ ጀልባው ባለቤቶች እመልሳለሁ፤ ወንድሜ በከንቱ እንዳልተቈጣ ይወቅ።

ባለፈው ጥር፥ ከጥምቀት በኋላ፥ ፈቃድ ለምኜ አብሬያቸው ተሳፈርሁ። ማልደን ተነሣን፤ በጣና ላይ ከቀትር በኋላ ነፋስ ተነሥቶ ማዕበሉ ስለሚከፋ ባለ ጀልባ ሁሉ ጧትን ይመርጣል። በመንገዳችን ዓሣ አጥማጆች በደንገል ታንኳቸው ላይ ቁጢጥ ብለው ሰላምታ ሰጡን። ዳር ስንደርስ ከመቶ የሚበልጥ ሰው ከሌሊት ጀምሮ ይጠብቅ ነበር። ሐኪሞቹ ሣጥናቸውን እስኪፈቱ ድረስ፥ አንድ ጐልማሳ በድምፅ ማጉያ ይሰብክ ጀመር። ሣጥኑ ተፈታ፤ ስብከቱ ግን አልተፈታም። አንዲት አራስ ሕፃኗን በነጠላዋ ሸፍና በፀሐይ ላይ አንድ ሰዓት ተኩል ተቀመጠች። ከቀትር በኋላ ነፋሱ ሲነሣ ባለ ጀልባው ጮኸ፤ ሐኪሞቹ ዕቃቸውን ሰበሰቡ፤ ተራ ያልደረሳቸው 19 ሰዎች ዳር ቀሩ። በጣቴ ቈጠርኋቸው። በድምፅ ማጉያው የጠፋው ሰዓት የእነዚያ 19 ሰዎች ሰዓት ነበር።

በመመለሻችን ለዋናው ሐኪም «ጌታዬ፥ የታመመ ሰው ቅኔ አይደለም፤ ሌላ ትርጓሜ አይፈለግበትም» አልሁት። በአስተርጓሚ ስለ ሆነ ምን እንደ ደረሰው አላውቅም፤ ግን ዝም ብሎ ወደ ባሕሩ ተመለከተ። እውነት ለመናገር እርሱ ራሱ እህል ሳይቀምስ የዋለ ደግ ሰው ነው። ሁለተኛም ነገር አለብኝ። ዛሬ የዐይን ቆቡ የተሰፋለት ሰው ክሩ ቢያመረቅዝ ማን ያየዋል? ጀልባው በዓመት አንድ ጊዜ ይመጣል፤ ምጥ ግን በዓመት አንድ ጊዜ አይመጣም። በሌላ አገር እንዲህ አይደለም። በብራዚል በአማዞን ወንዝ ላይ ሀሊወል የተባለ አድቬንቲስት በ1931 እ.ኤ.አ. ሉዜይሮ የምትባል ጀልባ ሠርቶ ለብዙ ዓመታት ከሚስቱ ጋር በዚያው ወንዝ እየተመላለሰ አክሟል። በአገራችንም ዶክተር ላምቢ የተባለው አሜሪካዊ በ1911 ዓ.ም. ገደማ ከሱዳን በባሮ ወገን ወደ ሳዮ ሲገባ ሕሙማኑን አይቶ አልሄደም፤ ተቀመጠ። ሃይማኖታቸው ከሃይማኖታችን ይለያል፤ መቀመጣቸው ግን ይመሰገናል።

ሦስተኛው ነገር የእኛው ነው። ክብራን ገብርኤልና ዳጋ እስጢፋኖስ ሴት እንደማይገባባቸው የታወቀ ነው። ከነርሶቹ የሚበዙት ሴቶች ስለ ሆኑ አንዳንድ መነኰሳት በዚህ ምክንያት ጀልባው እንዳይጠጋ ይከለክላሉ። ሥርዓቱ ይጠበቅ፤ ግን ሥርዓቱ ደሴቱን እንጂ ባሕሩን አያጥርም። ሴቲቱ ከጀልባው ሳትወርድ ድውዩ መነኵሴ ወደ ጀልባው ቢመጣ ምን ይፈርሳል?

ወንድሜ ሆይ፤ መልስህ «እንግዲያውስ የራሳችን ጀልባ ይኑረን» የሚል ከሆነ እሰየው፤ እኔም የምለው ይህንኑ ነው። ለአንድ የንግሥ በዓል ጃንጥላና መጋረጃ የሚወጣውን ገንዘብ እኔም አንተም እናውቃለን። ከዚያ በየደብሩ ጥቂት ቢቀነስ አንድ ሞተር ያለው ጀልባ፥ ሁለት ነርስ፥ አንድ አዋላጅ ለመቅጠር አይበቃምን? ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ የባሕሩን ዳር የወረረው እምቦጭ ጀልባ ማስጠጊያ እያሳጣን ስለ ሆነ እርሱን የሚያጭዱ ጐበዛዝትም ያስፈልጋሉ፤ ለዚህ የቆሎ ተማሪዎቼን እሰጣለሁ። ይህ እስኪሆን ድረስ ግን የሌላውን ጀልባ መከልከል፥ የራስን እንጀራ ሳይጋግሩ የጎረቤትን ምጣድ መስበር ነው።

ጀልባው ዘንድሮም ከጥምቀት በኋላ ወደ ቆራጣ ዳር እንደሚመጣ ሰምቻለሁ። ለባለቤቶቹ ደብዳቤ ጽፌ፥ ድምፅ ማጉያውን በባሕር ዳር እንዲተዉት፥ ክር የሚፈታና ቁስል የሚያጥብ አንድ ሰውም በሐሙሲት እንዲያሠለጥኑ ለምኛለሁ፤ መልሳቸው ገና አልመጣም። ለእማሆይ የቀረች አንዲት ዐይን አለች። እርሳቸውን በቃሬዛ የምናወርድ አራት ሰዎች ነን፤ ለተራ የሚሆን አምስተኛ ሰው ጐድሎናልና ወንድሜ ከዋዜማው ሐሙስ ጀምሮ በገበያው አጠገብ ካለው ቤቴ ቢመጣ አብረን እንወርዳለን።