የደም ግፊት ልኬት፦ ከመሣሪያው ይልቅ አለካኩ

በነርስነት ሙያ ከሚዘወተሩ ተግባራት መካከል የደም ግፊትን የመለካት ያህል የተለመደ የለም። መለመዱ ግን ጥንቃቄውን እንዳያሳሳው ያሰጋል። በወልድያ፣ በመርሳም ሆነ በሀብሩ ወረዳ የገጠር ቀበሌዎች በታካሚው ካርድ ላይ የሚሰፍረው ቁጥር አንዱን ዕድሜ ልኩን መድኃኒት ወሳጅ ሊያደርገው፣ ሌላውን ደግሞ ሕመሙ ሳይታወቅለት ወደ ቤቱ ሊመልሰው ይችላል። ስለዚህ ልኬት ውሳኔ ነው እንጂ የምዝገባ ሥርዓት ማሟያ አይደለም።

እ.ኤ.አ. በ2015 የተካሄደው አገር አቀፍ ጥናት ከአዋቂዎች 16 በመቶ ያህሉ ከፍተኛ የደም ግፊት እንዳለባቸው አሳይቷል። የምርመራው መለያ ወሰን በአብዛኛው 140/90 በመሆኑ፣ በወሰኑ አቅራቢያ ላለ ሰው የጥቂት ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ ስሕተት ጤነኛውን ሕመምተኛ፣ ሕመምተኛውንም ጤነኛ ያደርገዋል።

የስሕተቱ ምንጮች በአካባቢያችን አኗኗር ውስጥ ይገኛሉ። ከሩቅ ቀበሌ በእግሩ የመጣ ገበሬ ሳያርፍ፣ ቡና ጠጥቶ ወዲያው የመጣ ሰው ጊዜ ሳይሰጠው፣ ወይም ታካሚው እየተናገረ፣ ክንዱ ሳይደገፍና እግሮቹን አነባብሮ ሲለካ ቁጥሩ ከእውነተኛው በላይ ይወጣል። የክንድ ማሰሪያው ጉዳይ ደግሞ በሁለቱም አቅጣጫ ያሳስታል። በአሜሪካ ባልቲሞር ከተማ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ ጥናት እንዳመለከተው፣ እጅግ ትልቅ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች በመደበኛው ሲለኩ የላይኛው ቁጥር በአማካይ 20 ያህል ከፍ ብሏል፤ ትንሽ ማሰሪያ የሚያስፈልጋቸው ሰዎች ቁጥር ግን 4 ያህል ዝቅ ብሏል። ክንደ ቀጭን ሰው በሚበዛበት አካባቢ አሳሳቢው ሁለተኛው ነው። በተለይ የነፍሰ ጡር እናት ክንድ ቀጭን ሲሆን፣ ሰፊው ማሰሪያ አደገኛውን ግፊት ሊሸሽግ ይችላል።

ሌላው ቁጥሩን ወደ ዜሮ የማጠጋጋት ልማድ ነው። በእጅ የሚነፋው መለኪያ በየ2 ሚሊ ሜትር የተከፋፈለ በመሆኑ፣ ንባቡ በጥንቃቄ ከተወሰደ በዜሮ የሚያልቁት ከ100 ልኬቶች 20 ያህሉ ብቻ መሆን ይኖርባቸዋል። ማንኛውም ጤና ጣቢያ ከመዝገቡ 100 ልኬቶችን ቆጥሮ ራሱን ሊፈትሽ ይችላል። ዜሮዎቹ 60 ወይም 70 ከሆኑ፣ የተመዘገበው የታካሚው ግፊት ሳይሆን የመዝጋቢው ልማድ ነው። ይህ ምንም ወጪ የማይጠይቅ፣ ለተመራቂ ተማሪም የሚመጥን ጥናት ነው።

«ወረፋው በበዛበት ክፍል ለአንድ ታካሚ 5 ደቂቃ ዕረፍት ከየት ይመጣል?» የሚለው ተቃውሞ ተገቢ ነው። ነገር ግን ዕረፍቱ በወረፋው ውስጥ አለ። ታካሚው ተራውን የሚጠብቀው ቆሞ ሳይሆን መደገፊያ ባለው መቀመጫ ላይ፣ ሽንቱን ሸንቶ ከሆነ፣ ሲጠራ ዐርፏል ማለት ነው። 140/90 እና ከዚያ በላይ ለተገኘበት ሰው ደግሞ ከ1 ወይም 2 ደቂቃ በኋላ ልኬቱን መድገም፣ በሌላ ቀንም ማረጋገጥ ይገባል። ይህ ጥቂት ደቂቃ በከንቱ ከሚታዘዝ የዓመታት መድኃኒትና ክትትል ጋር ሲነጻጸር ኢምንት ነው።

መሣሪያም እንደ አለካኩ ይታሰብበት። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻና በ2014 ዓ.ም. መጀመሪያ ጦርነቱ አካባቢውን ባዳረሰ ጊዜ የጤና ተቋማት ተዘርፈዋል፣ ወድመዋልም። ከዚያ ወዲህ የሚተካው መሣሪያ ቁጥሩ ብቻ ሳይሆን ትክክለኛነቱም በየጊዜው ሊመረመር፣ ትንሽና ትልቅ ማሰሪያም ሊሟላለት ይገባል። ግዢ ሲታቀድ አንድ መለኪያ ሦስት ዓይነት ማሰሪያ ከሌለው እንደ ጎደሎ ቢቆጠር መልካም ነው።

በወልድያ ዩኒቨርሲቲ የሚሠለጥኑ ነርሶችም በተግባር ፈተና የሚመዘኑት ቁጥሩን በማግኘታቸው ሳይሆን ታካሚውን ከማሳረፍ እስከ መመዝገብ ባለው ሂደት ሁሉ ሊሆን ይገባል። የሥራ ኃላፊዎች ደግሞ አለካኩን በየሩብ ዓመቱ ቢከታተሉ፣ የመድኃኒቱ ትእዛዝ በእርግጠኛ መሠረት ላይ ይቆማል።